ዕቃዎ ወደብ ደርሷል

ባሕር አይቼ አላውቅም። ተወልጄ ያደግሁት ወልቂጤ ነው፤ ሥራዬ የባንክ ጸሐፊነት ሲሆን ማታ ማታ ግጥም እሞካክራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መርከብና ስለ ወደብ ቃላት ሊጽፍ ሲነሣ «ምን አግብቶት?» የሚል አይጠፋም። የምሰጠው መልስ አጭር ነው። በአንድ የባሕር ቃል ሰው አስጎድቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቡታጅራ በምሠራበት ጊዜ ነው። ከደንበኞቻችን መካከል በሥራም በዕድሜም የተከበሩ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም «ሐጂ» እንላቸዋለን። ከሕንድ አገር የወፍጮ ሞተርና መለዋወጫ አዝዘው ሰነዱ በባንካችን በኩል መጣ። እኔም ስልክ ደወልሁ። «ሐጂ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ዕቃዎ ወደብ ደርሷል» አልኋቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፣ ምላስህ ይባረክ» አሉኝ።

ሐጂ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ዕቃ አስመጥተዋል። ሁለቱም ጊዜ ዕቃው የገባው ሞጆ ነበር። ስለዚህ በእርሳቸው ጆሮ ወደብ ማለት ሞጆ ነው፤ በዝዋይና በመቂ በኩል ዞሮ በአንድ ጠዋት የሚደረስበት ቦታ። እንደ ቀድሞው ከሞጆ እስኪደወልላቸው ድረስ ተረጋግተው ቤታቸው ተቀመጡ። የአሁኑ ጭነት ግን ውሉ የተለየ ነበርና ዕቃው የወረደው ጅቡቲ ነው፤ የሚጠብቀውም የእርሳቸውን ትራንዚተር ነበር። ሦስት ሳምንት አለፈ። የወደብ ኪራዩና የኮንቴነር ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥር ነበር፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ።

ነገሩ ሲታወቅ ሐጂ ወደ መስኮቴ መጡ። አልጮኹም። ሒሳቡ የተጻፈበትን ወረቀት ፊት ለፊቴ አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ወደብ ስንት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ በአንድ አሮጌ ማዘዣ ጀርባ ላይ «ወደብ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም በየቀኑ ለደንበኛ የምናገራቸውን፣ ነገር ግን ማንም አስረዳኝ ብሎኝ የማያውቅ ቃላት ደረደርሁ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወረቀት የተወለደ ነው።

ከአገሬ ውሃ ልጀምር። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርድ ወንዝ አንድም እንኳ ባሕር አይደርስም። የዋቤ ውሃ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ላይ ይቀራል። መቂ በቡታጅራ በኩል ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ወደ ሰሜን የሚፈሰውም አዋሽን ተቀላቅሎ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ፈጣሪ የእኛን ውሃ ከባሕር ጋር አላስተዋወቀውም። ቃላቱ ግን በተቃራኒው ጎዳና፣ ከባሕር ወደ ተራራ ሽቅብ መጥተው ጓሯችን ውስጥ ተተክለዋል።

ተተክለዋል ስል እንዲያው ለአባባል አይደለም። በጉራጌ ጀፎረ ዳር፣ ከእንሰቱ ጀርባ የቆመው ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ይባላል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የገባ የአውስትራሊያ ተክል ነው። የጥንት ሰዎች በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር፤ እርሱም ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ እህል ነውና። ለመጽሐፍ መደጎሻና ለጌጥ የሚሆነው ቀይ ቆዳም «ባሕር ዐረብ» ይባላል። እንግዲህ አባቶቻችን ባዕድ የሆነን ነገር ሁሉ መነሻውን ባያውቁ እንኳ በምን መንገድ እንደ መጣ ያውቁ ነበር፤ ስሙንም በመንገዱ ጠሩት።

ነገር ግን «ባሕር» በአማርኛ ጨዋማው ውሃ ብቻ አይደለም። ሐይቅም ባሕር ነው፤ ባሕር ዳር የተሰኘችው ከተማ ያለችው በጣና ዳር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ባሕር ያላየ ሰው የባሕርን ቃል የሚማረው ከሐይቅ ነው። ጣና ላይ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ አለ። ለእኛ ደግሞ የሚቀርበን የዝዋይ ሐይቅ ነው። በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት የኖሩት የዛይ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ የስልጥኛና የወላኔኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ «ጉራጌና ጀልባ ምን አገናኛቸው?» ለሚል ሰው፣ ከቡታጅራ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ በቋንቋ የሚዛመዱን ቀዛፊዎች አሉ እላለሁ።

ወደ ትልቁ ባሕር ስንወርድ ታሪኩ ይረዝማል። የአክሱም መንግሥት በር አዱሊስ ነበረች። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት የተጻፈውና የኤርትራን ባሕር ንግድ የሚተርከው የግሪክ መጽሐፍ ከዚያች ወደብ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ድንጋይ እንደሚጫን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ዐፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን ወደ የመን ያሻገሩት ከዚሁ ዳርቻ ነው። በዚያው ምእተ ዓመት የኖረው ፕሮኮፒዎስ በዚያ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች ሳንቃቸው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ እየተሰፋ እንደሚያያዝ ጽፏል። መርከብ የሚሰፋ ነገር ነበር! ከእንሰት ቃጫ ገመድ ሲገመድ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ ይህን ማንበብ ትልቅ ደስታ ነበር።

ግዕዝ ለመርከብ የራሱ ቃል አለው፤ «ሐመር» ይላል። የኖኅም መርከብ ሐመረ ኖኅ ነው። ማቆሚያውን «መልህቅ»፣ መግፊያውን «መቅዘፊያ» ብለን እስከ ዛሬ እንጠራለን። ከቤተ መንግሥቱ ማዕርግም የባሕር ስም አልጠፋም። የሰሜኑን ምድር እስከ ጠረፍ የሚገዛው ሹም «ባሕር ነጋሽ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ላይ ከወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከእኚህ ሹም ጋር ስለ መገናኘታቸው ጽፎልናል። እዚህ ላይ የጉራጌ አንባቢዬ ልብ ይበል። አዝማች ስብሐት የተባሉ የጦር መሪ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ከአካለ ጉዛይ፣ ጉራዕ ከተባለው ስፍራ ተነሥተው ወደ አገራችን መጡ የሚል ትውፊት አለ። የታሪክ ሊቃውንት በሙሉ ልብ አይቀበሉትም፤ እኔም አልሟገትበትም። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን የመነሻ ታሪካቸውን ሲተርኩ ባሕር ነጋሽ ከሚገዛው ምድር መጀመራቸው ያስገርመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1557 ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ባሕሩን ለረጅም ዘመን ከእጃችን ያወጣው ይህ ድርጊት አንድ ቃል ትቶልን የሄደ ይመስለኛል፤ «ጉምሩክ»። ቃሉ ቱርክኛ ነው፤ ቱርኮች ከግሪክ፣ ግሪኮች ደግሞ ንግድ ከሚል የላቲን ቃል ወስደውታል። ዛሬ በወልቂጤ መናኸሪያ አንድ ሰው «ጉምሩክ ያዘብኝ» ሲል ሮማን፣ ቁስጥንጥንያንና ኢስታንቡልን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ነበር። የሚቀጥሉት ዓመታት አማርኛ ባሕርን በጥድፊያ የተማረባቸው ዓመታት ናቸው። በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኑት። በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ በአዋጅ ቁጥር 164 ወጣ፤ ያረቀቁት ዣን ኤስካራ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ በ1966 በሦስት መርከቦች ሥራ ጀመረ። የባሕሩን ሕግ በአማርኛ ያሰፈሩት ሰዎች ምን ያህል ሌሊት እንደ ነቁ አስባለሁ። ፈረንጅ በሺህ ዓመት የባሕር ኑሮ ያከማቸውን ቃል በደጋ ቋንቋ ማስፈር ቀላል አይደለም። እንግሊዞች የመርከብን ግራ «ፖርት»፣ ቀኙን «ስታርቦርድ» ይላሉ። ምክንያቱም ጥንት መሪው መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ይታሰር ስለ ነበር፣ እንዳይሰበር መርከቡ ወደብን የሚጠጋው በግራ ጎኑ ነው። እኛ ግን ግራ ግራ፣ ቀኝ ቀኝ ነው። ያልኖሩበትን ኑሮ መዝገበ ቃላት ብቻውን አይሰጥም።

ባሕሩም ብዙ አልቆየልንም። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ቁራጭ ብረት ተሸጠች። በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። አሰብን መጠቀም የቀረው በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋናው በራችን ጅቡቲ ሆነ። የንግድ መርከቦቻችን ግን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አንግበው መሄዳቸውን አላቆሙም። ከእነርሱ መካከል አንዷ «ጊቤ» መባሏን ስሰማ ወልቂጤ ተቀምጬ ሣቅሁም አዘንሁም። ቱርካና ላይ የሚቀረው የጎረቤቴ ወንዝ፣ ቢያንስ በስሙ ውቅያኖስ አየ።

አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ እመለሳለሁ። ወደብ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ሞጆ ላይ ሥራ የጀመረው ተቋም «ደረቅ ወደብ» ተባለ። ወደብ ሳይኖረን ቃሉ ነበረንና ቃሉን አንሥተን ደጋ ላይ አቆምነው። በ2011 የወጣው ደንብ የመርከብ ኩባንያውን፣ የትራንዚት ድርጅቱንና የደረቅ ወደቡን ድርጅት አዋሐዳቸው። በዚያው ሰሞን «መልቲሞዳል» የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። በዚህ አሠራር አንድ አጓጓዥ ዕቃውን ከውጭ አገር ወደብ ተረክቦ በአንድ ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ያደርሳል። በ«ዩኒሞዳል» ግን የአጓጓዡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባለ ዕቃው ዕዳ ነው። የሐጂ ሁለቱ ጭነቶች በመጀመሪያው፣ ሦስተኛው በሁለተኛው መንገድ የመጡ ነበሩ። ልዩነቱ ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ያልነገርኋቸው «ወደብ» የሚለው ቃል ሁሉንም የሚናገር መስሎኝ ነው።

ስለዚህ ያኔ ልላቸው የሚገባኝን ዛሬ ልጻፍ።

«ቢል ኦፍ ሎዲንግ» የምንለው ሰነድ ሦስት ነገር ነው። ዕቃው መርከብ ላይ ለመጫኑ ደረሰኝ፣ ለማጓጓዙ የውል ማስረጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባለቤትነት ሰነድ ነው። እርሱን በእጁ የያዘ ሰው ዕቃውን ይረከባል። በመካከለኛው ዘመን ነጋዴ ከዕቃው ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ዕቃውን ብቻ መላክ ሲጀምር ግን የመርከቡ ጸሐፊ በመዝገብ ከያዘው ዝርዝር ቅጂ ያስፈልገው ጀመር። ሰነዱ ከዚያ ተወለደ። ይህን ሳነብ የሙያ ቅድመ አያቴን ያገኘሁ መሰለኝ፤ በሚናወጥ መርከብ ላይ ተቀምጦ የሰው ንብረት የሚመዘግብ ጸሐፊ።

«ኤፍ ኦ ቢ» ማለት ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ኃላፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኪራዩም አደጋውም የገዢው ነው ማለት ነው። «ሲ አይ ኤፍ» ሲሆን ግን ሻጩ መድኑንና የመርከብ ኪራዩን ከፍሎ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሲ አይ ኤፍም ቢሆን ዕቃው ከተጫነ በኋላ ባሕር ላይ ቢጠፋ አደጋው የገዢው ነው፤ ለዚህ ነው መድኑ የተገዛለት። የፓሪሱ ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት እነዚህን ቃላት እ.ኤ.አ. በ1936 በደንብ ያሰፈራቸው ሻጭና ገዢ በአንድ ቃል ሁለት ነገር እየተረዱ ስለ ተጣሉ ነው። እኔና ሐጂ የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም።

«ዲመሬጅ» የሚያስቀጣው መዘግየት ነው፤ ቃሉ መቆየት ከሚል የጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ወደብ ላይ በነጻ የተፈቀደው ቀን ካለፈ በኋላ በየቀኑ ይቆጠራል። ኮንቴነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶውን በጊዜው ሳይመለስ ቢቀር ደግሞ «ዲቴንሽን» የሚባል ሌላ ቅጣት አለ። «አቨሬጅ» የሚባለውም አለ። ማዕበል ሲበረታ መርከቡን ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል፣ ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ ኪሳራውን ይካፈላሉ። ሕጉ ከጥንቶቹ የሮድስ ደሴት ባሕረኞች የተወረሰ ነው ይባላል። የሮድስን ሰዎች ባላውቅም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንዱ ቤት ሲቃጠል መንደሩ ሁሉ ሣርና እንጨት ተሸክሞ የሚመጣበት አገር ልጆች ነንና።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በንጹሕ አማርኛ ጽፌ ሐጂ ቤት ሄድሁ። ቅጣቱን ከፍለው ዕቃቸውን አውጥተው ነበር፤ ለኪሳራውም አንድ በሬ ሸጠዋል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና ተፈልቶ ወረቀቱን አነበብሁላቸው። በጸጥታ ሰሙኝና በመጨረሻ እርሳቸው ደግሞ እኔን ያስተምሩኝ ጀመር። ቁርኣን ከልጅነታቸው የቀሩ ናቸውና ዐረብኛ ያውቃሉ።

«መርከብ ያልኸው ዐረብኛም ነው፤ የሚወጡበት፣ የሚጋለብ ማለት ነው። ፈረስም ይሁን ግመል ሲወጡበት ረኪበ ነው የሚባለው። ታሪፍ የምትሉትም ከእኛው ነው፤ ተዕሪፋ፣ ማሳወቅ ማለት።»

ቆይቼ አቨሬጅ የሚለውም ቃል ጉዳት ከሚል የዐረብኛ ቃል ተነሥቶ በጣሊያን በኩል እንግሊዝ እንደ ደረሰ አንብቤ ነገርኋቸው። በጣም ተደሰቱ። አባታቸው ሐጅ የሄዱት በምጽዋ በኩል፣ በመርከብ እንደ ነበር አጫወቱኝ። «አባቴ ሲያወራ ወደብ ሲል ውሃ ይሸት ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ የሞጆ አቧራ ሆነ። አንተ ዘንድ ደግሞ ወረቀት ሆነ። ለዚህ ነው ያልተግባባነው፤ የአንተ ብቻ ጥፋት አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ «ዕቃዎ ወደብ ደርሷል» ብዬ አላውቅም። «ዕቃዎ ጅቡቲ ወርዷል፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀን ይቆጠርብዎታል» እላለሁ፤ ወይም «ሞጆ ገብቷል፤ ይረከቡ» እላለሁ። ረዘም ይላል እንጂ ማንንም በሬ አያሸጥም። አንድ ቃል ሲነገር ተናጋሪውና ሰሚው አንድ ባሕር ላይ መሆናቸውን ማረጋገጥ የጸሐፊም የገጣሚም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ማታ በማዘዣው ጀርባ ላይ ከቃላቱ ሥር የጫርኋትን አራት ስንኝ አስከትዬ እሰናበታችኋለሁ።

ውሃችን ባሕሩን ሳያየው ቢቀርም፣
ቃሉ ግን ሽቅብ ነው፣ ተራራ አይፈራም።
መልህቁ ተነቅሎ መርከቡ ቢሄድም፣
ያልገባው ቃል እንጂ ባሕር ሰው አይበላም።